ፔፕታይድ ኒውሮትራንስሚተሮች የት ይሠራሉ? ግሊያስ በእርግጥ ይሠራቸዋል?

የደሴዋ ተማሪ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ። ደሴ ውስጥ የጤና ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በነርቭ ሥርዓት ፊዚዮሎጂ ላይ ለማቀርበው ሴሚናር በመዘጋጀት ላይ ሳለሁ፣ ከጥናት ጓደኞቼ ጋር ልንስማማባቸው ያልቻልናቸውን ሁለት ነጥቦች ይዤ መጥቻለሁ።

የመጀመሪያው የሚሠሩበትን ቦታ የሚመለከት ነው። አሴቲልኮሊን የተባለው ኒውሮትራንስሚተር (የነርቭ መልእክት አስተላላፊ) በአክሰኑ፣ ማለትም ከነርቭ ሕዋሱ አካል በሚወጣው ረጅም ክር፣ ጫፍ ላይ ከኮሊንና ከአሴቲል ኮኤ እንደሚሠራ፣ ከዚያም ወደ ትናንሽ ከረጢቶች እንደሚገባ ተምረናል። ስለ ሰብስታንስ ፒ፣ ስለ ኢንኬፋሊን፣ ስለ ኦክሲቶሲንና ስለ መሳሰሉት ፔፕታይዶች (አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች) ግን በማስታወሻችን ላይ ያለው «በሕዋሱ አካል ውስጥ ይሠራሉ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ኢንኬፋሊን አምስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ አሚኖ አሲድም በአክሰኑ ጫፍ ላይ አይጠፋም። ታዲያ አምስቱን እዚያው እንዳያገጣጥም የሚከለክለው ምንድን ነው? ደግሞስ አካሉ ከወገብ አጠገብ፣ ጫፉ እግር ጣት ላይ የሆነ ነርቭ ሕዋስ ያንን ያህል ርቀት ፔፕታይዱን የሚያደርሰው እንዴት ነው?

ሁለተኛው ግሊያን የሚመለከት ነው። ከጓደኞቼ አንዷ አስትሮሳይት የተባሉት የግሊያ ሕዋሳት ኢንኬፋሊን እንደሚሠሩ አንብባ ስለ ነበር፣ በሴሚናሩ ላይ «ነርቭ ሕዋሳትና ግሊያ ፔፕታይድ ኒውሮትራንስሚተሮችን ይሠራሉ» ተብሎ እንዲጻፍ ትፈልጋለች። ሌሎቻችን ደግሞ ግሊያ ነርቭን የሚደግፍ፣ የሚመግብና አካባቢውን የሚያጸዳ ሕዋስ እንጂ መልእክት አመንጪ ነው ብለን ለመጻፍ አልደፈርንም። ዐረፍተ ነገሩ እንዳለ ቢጻፍ ትክክል ይሆናል? ስለምትሰጡኝ ማብራሪያ ሁሉ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ሐረጎ (የፊዚዮሎጂ መምህር፣ ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፣ ጥያቄሽ ከሚመስለው በላይ የሚያስኬድ ነው። አምስቱን አሚኖ አሲዶች እዚያው እንዳያገጣጥም ምን ይከለክለዋል ያልሽው የቀረውን ሁሉ ስለሚፈታ ከእርሱ ልጀምር።

አሴቲልኮሊንን ለመሥራት ኮሊን አሴቲልትራንስፌሬዝ የተባለ አንድ ኢንዛይም በአንድ እርምጃ ይበቃል። ኢንዛይሙ ራሱ ፕሮቲን ስለ ሆነ የሚሠራው በሕዋሱ አካል ውስጥ ነው፤ ሆኖም አንድ ጊዜ ወደ ጫፉ ከደረሰ በኋላ ሥራውን እዚያው ደጋግሞ ይሠራል። ለኢንኬፋሊን ግን ታይሮሲንን ከግላይሲን፣ ያንን ከሌላ ግላይሲን፣ ከዚያም ከፌኒልአላኒን እያለ በተራ የሚያገጣጥም ኢንዛይም የለም። ተራው የተጻፈው በጂን ላይ ነው፤ ከጂኑ የተቀዳውን መልእክተኛ አርኤንኤ አንብቦ ሰንሰለቱን የሚሠራውም ራይቦዞም ነው። በነገራችን ላይ ግሉታታዮን የተባለውን ባለ ሦስት አሚኖ አሲድ ሞለኪውል ሕዋሳት ያለ ራይቦዞም፣ በኢንዛይም ብቻ ይሠሩታል፤ ስለዚህ ነገሩ በኬሚስትሪ የማይቻል ሆኖ አይደለም፤ ለኢንኬፋሊን እንዲህ ያለ ኢንዛይም አለመኖሩ ነው።

ራይቦዞሙም ቢሆን አምስት አሚኖ አሲድ ብቻ ያለውን ሰንሰለት ሠርቶ ወደ ከረጢት ሊያስገባው አይችልም። አዲስ የሚሠራው ሰንሰለት በሚወጣበት የራይቦዞሙ ቦይ ውስጥ ብቻ ከ30 እስከ 40 የሚደርሱ አሚኖ አሲዶች ስለሚያዙ፣ አምስቱ ገና ብቅ ሳይሉ ነገሩ ያበቃል። አዲስ ፕሮቲን ወደሚታጠፍበት የሕዋሱ ክፍል፣ ወደ ሸካራው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ለመግባት ደግሞ በሰንሰለቱ ራስ ላይ 20 ገደማ አሚኖ አሲዶች ያሉት የመግቢያ ምልክት ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት ሕዋሱ ትንሹን ፔፕታይድ የሚያገኘው መጀመሪያ ትልቅ ቀዳሚ ፕሮቲን ሠርቶ፣ በኋላ እርሱን በመቆራረጥ ነው። ፕሮኢንኬፋሊን የተባለው ቀዳሚ ፕሮቲን በውስጡ ሜት ኢንኬፋሊንን ስድስት ጊዜ፣ ሊዩ ኢንኬፋሊንን ደግሞ አንድ ጊዜ ይዟል፤ ከስድስቱ ሁለቱ በጫፋቸው ተጨማሪ አሚኖ አሲዶች ተቀጥለውባቸው የሚወጡ ናቸው።

ጉዞውን በአጭሩ እንከተለው። ሰንሰለቱ ወደ ሬቲኩለሙ ሲገባ የመግቢያ ምልክቱ ተቆርጦ ይወድቃል፤ ሰንሰለቱም ይታጠፋል፤ የሰልፈር ድልድይ የሚያስፈልገው ከሆነም ድልድዩ እዚሁ ይሠራለታል። ከዚያ ፕሮቲን ተዘጋጅቶ ወደሚታሸግበት የሕዋሱ ክፍል፣ ወደ ጎልጂ፣ ያልፋል፤ ከጎልጂው መጨረሻ ክፍል ደግሞ ከመቁረጫ ኢንዛይሞቹ ጋር አብሮ በአንድ ከረጢት ይታሸጋል። ይህ ከረጢት የአሴቲልኮሊኑ ዓይነት አይደለም። የአሴቲልኮሊኑ ከረጢት ስፋት ከ40 እስከ 50 ናኖሜትር ሲሆን፣ የፔፕታይዱ ወደ 100 ናኖሜትር ይደርሳል፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይም መካከሉ ጥቁር ነው፤ ምክንያቱም ፕሮቲን ተጨናንቆ ሞልቶበታል።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ግን ከረጢቱ ከታሸገ በኋላ ነው። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ያለው ፓምፕ ፕሮቶን እያስገባ ውስጡን ያሾመጥጠዋል፤ ፒኤቹ ወደ 5.5 ሲወርድ ፕሮሆርሞን ኮንቨርቴዝ የተባሉት መቁረጫ ኢንዛይሞች ሥራቸውን ያፋጥናሉ። እነዚህ ኢንዛይሞች የሚቆርጡት እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም፤ በአብዛኛው ላይሲንና አርጂኒን፣ ወይም ሁለት አርጂኒኖች ጎን ለጎን ከቆሙበት ቦታ ቀጥሎ ነው። ከተቆረጠው ጫፍ ላይ የቀሩትን እነዚህን አሚኖ አሲዶች ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኢ የተባለው ኢንዛይም ይለቅማቸዋል። በመጨረሻም ሰብስታንስ ፒን፣ ኦክሲቶሲንንና ኒውሮፔፕታይድ ዋይን ጨምሮ በብዙ ፔፕታይዶች ጫፍ ላይ ያለው ግላይሲን ወደ አማይድ ይለወጣል። ያለዚህ ለውጥ አብዛኞቹ ተቀባያቸው ላይ በሚገባ ሊሠሩ አይችሉም።

ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ከኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣን ጣቃ እጠቅሳለሁ። ጣቃው አንድ ነው፤ ሸሚዝ ይሁን ቀሚስ የሚወስነው የሰፊው መቀስ ነው። ፕሮኦፒዮሜላኖኮርቲን የተባለው ቀዳሚ ፕሮቲን በፒቱታሪ ዕጢ የፊት ክፍል ውስጥ ኮንቨርቴዝ 1 ብቻ ሲያገኘው 39 አሚኖ አሲዶች ያሉት ኤሲቲኤች ይወጣዋል። በሃይፖታላመስ ነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ግን ኮንቨርቴዝ 2 ስለሚጨመር፣ ያው ኤሲቲኤች እንደገና ተቆርጦ 13 አሚኖ አሲዶች ያሉት አልፋ ኤምኤስኤች ይሆናል፤ ከዚያው ፕሮቲን 31 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቤታ ኢንዶርፊንም ይወጣል። ኤሲቲኤች አድሬናል ዕጢን ሲያዝዝ አልፋ ኤምኤስኤች የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ጂኑ ግን አንድ ነው። የዚህን ፕሮቲን ሙሉ ቅደም ተከተል ከላም ፒቱታሪ ያነበቡት ናካኒሺ፣ ኑማና ባልደረቦቻቸው በ1979 እ.ኤ.አ. ነበር።

ስለ ርቀቱ ለጠየቅሽው፣ ከረጢቶቹ በአክሰኑ ውስጥ እንደ ሐዲድ በተዘረጉት ማይክሮቲዩቡሎች ላይ ኪኔሲን በተባለ ጎታች ፕሮቲን እየተጎተቱ ይሄዳሉ፤ ፈጣኑ ጉዞ በቀን እስከ 400 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከወገብ እስከ እግር ጣት አንድ ሜትር ብንል፣ ፈጣኑ ከረጢት ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው፤ መቁረጡም በዚሁ ጉዞ ላይ ይቀጥላል። ስለዚህ «በሕዋሱ አካል ይሠራሉ» የሚለው የማስታወሻችሁ ዐረፍተ ነገር ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሰንሰለቱ የሚሠራው በሕዋሱ አካል ነው፤ ፔፕታይዱ የሚበስለው ግን በከረጢቱ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜም በመንገድ ላይ ነው።

ለዚህ ማስረጃው የቆየ ነው። ወደ አከርካሪ የሚገባውን የስሜት ነርቭ ሥር በክር ሲያስሩት፣ ሰብስታንስ ፒ ከሕዋሱ አካል ባለበት ወገን ይጠራቀማል፤ ከማሰሪያው ወዲያ ያለው ደግሞ ይመናመናል። ማይክሮቲዩቡልን የሚያፈርሰው ኮልቺሲን ሲሰጥም ፔፕታይዱ በሕዋሱ አካል ውስጥ ይከማቻል፤ ተመራማሪዎችም ፔፕታይድ የሚሠሩ ሕዋሳትን በማቅለሚያ ለማየት ሲፈልጉ በዚህ ዘዴ ለረጅም ጊዜ ተጠቅመዋል።

ቦርከና (ፋርማሲስት፣ ኮምቦልቻ)

መምህር ካስረዱት ላይ ከመድኃኒት ቤት በኩል የሚታየውን ጥቂት ልጨምር፤ ሴሚናር ላይ ሰው የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነውና።

አሴቲልኮሊን ከተለቀቀ በኋላ ተበጥሶ ኮሊኑ ወደ ጫፉ ይመለሳል፤ ዶፓሚንና ሴሮቶኒንም ተመልሰው ይሰበሰባሉ። ፔፕታይድ ግን ከተለቀቀ በኋላ ተመልሶ በከረጢት የሚሞላበት መንገድ የለውም። ከሕዋሳት ውጭ ባሉ ፔፕቲዴዞች ተበጣጥሶ ያልቃል፤ ምትኩም ከሕዋሱ አካል እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነው። በደም ግፊት ሕመምተኞች ዘንድ በጣም የተለመደውን ኢናላፕሪልን ውሰዱ፤ መድኃኒቱ የሚያግደው ኢንዛይም አንጂዮቴንሲንን ብቻ ሳይሆን ብራዲኪኒንንና ሰብስታንስ ፒንም የሚቆርጥ ስለ ሆነ፣ አንዳንዶች ላይ የሚታየው ደረቅ ሳል የሚመጣው እነዚህ ፔፕታይዶች በመከማቸታቸው እንደ ሆነ ይታመናል። ኢንኬፋሊንንና ሰብስታንስ ፒን የሚቆርጥ ኔፕሪላይሲን የተባለ ሌላ ኢንዛይምም አለ፤ እርሱን የሚያግደው ሳኩቢትሪል ዛሬ ለልብ ድካም ይሰጣል።

በርበሬን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሰብስታንስ ፒን ኡልፍ ፎን ኦይለርና ጆን ጋደም በ1931 እ.ኤ.አ. ከፈረስ አንጎልና አንጀት አወጡት፤ 11 አሚኖ አሲዶች እንዳሉት ሱዛን ሊማንና ማይክል ቻንግ በ1971 እ.ኤ.አ. እስኪያሳውቁ ድረስ ግን ምንነቱ ሳይታወቅ 40 ዓመት ቆየ። በሚጥሚጣና በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን ይህን ፔፕታይድ ከቀጫጭን የሕመም ነርቮች ጫፍ ያስለቅቃል፤ ካፕሳይሲኑ የሚያርፍበትን ተቀባይ በ1997 እ.ኤ.አ. የለዩት ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ጁሊየስ ለዚህ ሥራቸው በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ካፕሳይሲን ያለበት የሕመም ቅባት ደጋግሞ ሲቀባ ነርቮቹን ያደነዝዛል፤ በጫፋቸው ያለው ሰብስታንስ ፒም ይመናመናል። ምትኩ መምህር የነገሩንን የአክሰን ጉዞ መጠበቅ ባይኖርበት ኖሮ መመናመኑ ቶሎ በተካካሰ ነበር።

ኦክሲቶሲንን በሚመለከት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። በሃይፖታላመስ ሕዋሳት ውስጥ ኒውሮፊዚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር በአንድ ሰንሰለት ተሠርቶ፣ በከረጢት ተቆርጦ፣ በአክሰን ወደ ፒቱታሪ የኋላ ክፍል ይወርዳል። ቪንሰንት ዱ ቪኞ በቤተ ሙከራ የሠሩት በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ቢሆንም ሙቀት ስለሚያበላሸው መርፌው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ እንዲቀመጥ ይመከራል፤ እንደ ኮምቦልቻ ባለ ቆላ ቀመስ ከተማ መብራት በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የምናስበው ይህንን መድኃኒት ነው።

ጫፉን ወደ አማይድ የሚለውጠው ኢንዛይም መዳብ፣ ኦክስጅንና ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል። ቫይታሚን ሲ ለድድ ብቻ ነው ለሚሉ ይህን ንገሪልኝ።

የደሴዋ ተማሪ

መምህርም፣ ፋርማሲስቱም፣ ላደረጋችሁት ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ቀዳሚ ፕሮቲኑ ተሠርቶ በከረጢት ውስጥ እንደሚቆረጥ ስረዳ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ተመልሷል። ሆኖም ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ የፔፕታይድ መልእክተኛ አርኤንኤ በአክሰን ውስጥም መገኘቱን ያነበበ ጓደኛ አለኝ፤ ይህ ከመምህር ማብራሪያ ጋር ይጋጫል? ሁለተኛ፣ ስለ ግሊያ እስካሁን ያነሣ ሰው የለም። መምህር እንዳስረዱት ከአንድ ጂን የተለያየ ፔፕታይድ የሚወጣው በመቁረጫው ምክንያት ከሆነ፣ አስትሮሳይት የኢንኬፋሊን ጂን ቢኖረው ኢንኬፋሊን ይሠራል ብሎ መደምደም እንደማይቻል ይሰማኛል። እንደዚህ ማሰቤ ልክ ነው?

ሸዋበር (በኒውሮሳይንስ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ የደሴ ልጅ)

ያሰቡት ልክ ነው፤ የግሊያ ክርክር በሙሉ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው።

ስለ አክሰኑ በአጭሩ፦ የኦክሲቶሲንና የቫሶፕሬሲን መልእክተኛ አርኤንኤ ከሃይፖታላመስ ወደ ፒቱታሪ በሚወርዱት አክሰኖች ውስጥ ተገኝቷል። ሆኖም መልእክቱ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ በአክሰን ውስጥ እንደ ሕዋሱ አካል የተሟላ ጎልጂ የለም። መምህር ያስቀመጡት መንገድ ዋናው መንገድ መሆኑ አይለወጥም።

አሁን ወደ ግሊያ። በመጀመሪያ፣ ነርቭ ሕዋሳትና ግሊያ የያዟቸው ጂኖች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጥያቄው አስትሮሳይቱ ጂኑ አለው ወይ ሳይሆን ይከፍተዋል ወይ ነው። መልሱ ለአንዳንዶቹ አዎን ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ ያደጉ የአይጥ አስትሮሳይቶች የፕሮኢንኬፋሊን መልእክተኛ አርኤንኤ እንዳላቸው ተደጋግሞ ታይቷል። በአንጎል ውስጥ የአንጂዮቴንሲኖጅን (የአንጂዮቴንሲን ቀዳሚ ፕሮቲን) ዋና አመንጪዎችም አስትሮሳይቶች ናቸው። ኒውሮፔፕታይድ ዋይን በጥቁር መካከል ባላቸው ከረጢቶች ይዘው፣ የሕዋሱ ካልሲየም ሲጨምር እንደሚለቅቁትም በሳሕን ላይ በተደረጉ ሥራዎች ታይቷል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። በሳሕን ላይ ያሉት አስትሮሳይቶች ወደ ውጭ የሚያወጡት ፕሮኢንኬፋሊን በብዛት ያልተቆረጠው ራሱ ቀዳሚ ፕሮቲን ሆኖ ተገኝቷል። አስትሮሳይት ካርቦክሲፔፕቲዴዝ ኢ አለው፤ እንደ ነርቭ ሕዋስ ያለ የኮንቨርቴዝ 2 ብዛት ግን የለውም። ያልተቆረጠው ፕሮቲን በኦፒዮይድ ተቀባይ ላይ እንደ ኢንኬፋሊን አይሠራም። ስለዚህ ጓደኛዎ ያነበበችው «አስትሮሳይቶች ኢንኬፋሊን ይሠራሉ» የሚለው ጽሑፍ የሚያስረዳው ስለ መልእክተኛ አርኤንኤ ከሆነ፣ አስትሮሳይቶች ፕሮኢንኬፋሊን ይሠራሉ ከማለት አያልፍም።

አንዳንድ ጽሑፎች ደግሞ መልእክተኛ አርኤንኤ ሳይኖር፣ በፀረ እንግዳ አካል ተቀልሞ በግሊያ ውስጥ ፔፕታይድ ታየ ይላሉ። እዚህ ላይ እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ግሊያ፣ በተለይም ማይክሮግሊያ፣ ከአካባቢው ብዙ ነገር ስለሚያነሣ ያልሠራውን ፔፕታይድ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ፀረ እንግዳ አካሉም ቀዳሚውን ፕሮቲን ከበሰለው ፔፕታይድ የማይለይ ሊሆን ይችላል። ሰብስታንስ ፒን የሚለይ ፀረ እንግዳ አካል ከፈለጉ ጫፉ ላይ ያለውን አማይድ የሚይዝ መሆን አለበት፤ ከሁሉም የሚታመነው ደግሞ የተቆረጠውን ፔፕታይድ በማስ ስፔክትሮሜትር መዝኖ ማየት ነው።

ቢሆንም ግሊያ ፔፕታይድ አይሠራም ብዬ እንዳልተውዎት። ለእኔ ከሁሉ የሚበረታው ምሳሌ ዲቢአይ የተባለው ፕሮቲን ነው። ጉይዶቲ፣ ኮስታና ባልደረቦቻቸው በ1983 እ.ኤ.አ. ከአይጥ አንጎል ሲያወጡት ስሙን ያገኘው ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ከተቀባዩ ላይ ስለሚያስለቅቅ ነው። 86 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ በአንጎል ውስጥ በብዛት የሚሠሩትም አስትሮሳይቶችና የአንጎልን የውስጥ ክፍተቶች የሚሸፍኑት ኢፔንዲማ ሕዋሳት ናቸው። ሲቆረጥ ኦዲኤን የተባለ 18 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ይወጣዋል፤ ይህም ነርቭን የሚያረጋጋውን የጋባ ኒውሮትራንስሚተር ተቀባይ አሠራር ይለውጣል፤ በአይጥ አንጎል ውስጥ ሲወጋም ምግብ መብላትን ይቀንሳል። እዚህ ላይ የሚገርመው ዲቢአይ ከሌሎቹ የተለየ መሆኑ ነው። በራሱ ላይ ወደ ሬቲኩለም የሚያስገባ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ በመምህር መንገድ፣ ማለትም በሬቲኩለም፣ በጎልጂና በጥቁር መካከል ባለው ከረጢት በኩል፣ አያልፍም፤ ከሕዋሱ የሚወጣው በሌላ፣ ባልተለመደ መንገድ ነው።

ሰኞ ገበያ

ይቅርታ ልቃወም። አብዛኛው ይህ ማስረጃ በሳሕን ላይ ከተደረገ ሥራ የመጣ ነው፤ በሳሕን ላይ ያለ አስትሮሳይት ደግሞ ጉዳት እንደደረሰበት ሕዋስ ብዙ ጂኖችን ይከፍታል። በሕይወት ባለ አንጎል ውስጥ ግሊያ ከረጢቱን በካልሲየም አማካይነት ለነርቭ መልእክት ብሎ ይለቅቃል የሚለው ራሱ ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። ለአንድ ሴሚናር የቀረውን ትተን ነርቭ ብቻ ብንል ምን ይጎዳል? አንባቢዋን ከማደናገር ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሸዋበር

ስለ ሳሕኑ ያነሡት ትክክል ነው፤ ስለ ግሊያ ከረጢት አለቃቀቅ ያለው ክርክርም አልተዘጋም። በሕይወት ባለው የበሰለ አንጎል ውስጥ የፕሮኢንኬፋሊን መልእክት በአስትሮሳይት ውስጥ የሚገኝበት መጠንም እንደ አንጎሉ ክፍል የሚለያይ ነው። ሆኖም «ነርቭ ብቻ» ማለት ዲቢአይንና አንጂዮቴንሲኖጅንን ከሥዕሉ ያስወጣል፤ እነዚህ ደግሞ በሳሕን ላይ ብቻ የታዩ አይደሉም። ሌላም አለ። ፋርማሲስቱ ያነሡት የፔፕቲዴዞች ጉዳይ ውስጥ ግሊያ ድርሻ አለው፤ በሃይፖታላመስ ውስጥ ታኒሳይት የተባሉት ከኢፔንዲማ ወገን የሆኑ የግሊያ ሕዋሳት ሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉትን ቲአርኤች የተባለ የሃይፖታላመስ ፔፕታይድ የሚሰብር ኢንዛይም በላያቸው ላይ ይይዛሉ። ነርቭ የሠራውን ፔፕታይድ ምን ያህሉ ወደ ፒቱታሪ እንደሚደርስ በከፊል የሚወስነው ይህ ነው። ግሊያን ከፔፕታይድ ታሪክ ማስወጣት አይቻልም፤ በየትኛው ቦታ ላይ እንደሚገባ ነው መለየት ያለብን።

ሐረጎ

ሁለታችሁም ያላችሁት ለተማሪዋ ይጠቅማል። እህቴ፣ በሴሚናሩ ላይ «ነርቭ ሕዋሳትና ግሊያ ይሠራሉ» የሚለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት አድርጊው። ስለ ነርቭ ሕዋስ፣ ፔፕታይዱን ከቀዳሚው ፕሮቲን ቆርጦ፣ አብስሎና በከረጢት ይዞ፣ ደጋግሞ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ምት ሲያገኘው እንደሚለቅቅ መጻፍ ትችያለሽ። «ደጋግሞ» የሚለውን እንዳትዘልይው፤ የፔፕታይዱ ከረጢቶች የሚቀመጡት ከሲናፕሱ ዋና መልቀቂያ ቦታ ራቅ ብለው ስለ ሆነ አንድ ምት ብዙውን ጊዜ አይበቃቸውም። የምታጠባ አይጥ ኦክሲቶሲን ሕዋሳት በየጥቂት ደቂቃው በአንድ ላይ ምታቸውን የሚያፋጥኑት ለዚህ ነው።

ስለ አስትሮሳይት ስትጽፊ ግን የፔፕታይዱን ስም ከመጻፍሽ በፊት፣ የተገኘው መልእክተኛ አርኤንኤው ነው፣ ቀዳሚው ፕሮቲን ነው፣ ወይስ ተቆርጦ የበሰለው ፔፕታይድ ነው ብለሽ በእያንዳንዱ ምንጭ ላይ ጠይቂ። ለኢንኬፋሊኑ «ፕሮኢንኬፋሊን» ብለሽ ጻፊ፤ ጓደኛሽ የጠየቀችው ምሳሌ ደግሞ ኦዲኤን ቢሆን ይሻላል። ጠያቂ ቢነሣና ኦዲኤን እንዴት ከሕዋሱ እንደሚወጣ ቢጠይቅሽ፣ ዲቢአይ የመግቢያ ምልክት እንደሌለው ሥዕሉ ላይ አሳይው፤ ከፕሮኢንኬፋሊን ሰንሰለት ጎን ለጎን ብትስይው በሰንሰለቱ ራስ ላይ ያለው ልዩነት ወዲያው ይታያል።

የደሴዋ ተማሪ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሸዋበርና ሰኞ ገበያም ክርክራችሁን በትዕግሥት ስላስረዳችሁኝ አመሰግናለሁ። ሁለቱን ሰንሰለቶች ጎን ለጎን እስላቸዋለሁ። የላይኛው ፕሮኢንኬፋሊን ሆኖ በራሱ ላይ የመግቢያ ምልክቱ፣ ቀጥሎም ላይሲንና አርጂኒን የሚገኙባቸው የመቁረጫ ቦታዎች ይሆኑበታል፤ የታችኛው ዲቢአይ ሆኖ ኦዲኤን የሚወጣበት መካከለኛው ክፍል ብቻ ይቀለምበታል። ጓደኛዬም ከ«ኢንኬፋሊን» በፊት «ፕሮ» እንዲጨመር ተስማምታለች።